እንደ ጎርፍ የሚደርሰውን ኮረንቲ መግታት
ከሀብሩ ትራንስፎርመር እስከ ሱፐርኮንዳክተር

ከደሴ ተነሥቶ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ ወደ መርሳ፣ ከዚያም በሲሪንቃ በኩል ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ከመኪናው ጋር አብረው ሲጓዙ ያያል። ምሰሶዎቹ በማሽላው ማሳ መካከል፣ በማንጎውና በብርቱካኑ ተክል ጥግ፣ በባሕር ዛፉ ረድፍ አጠገብ ያልፋሉ። የተሸከሙት ሽቦ የወፍጮ ቤቱን ሞተር፣ የመስኖውን ፓምፕና የጤና ጣቢያውን የክትባት ማቀዝቀዣ የሚያንቀሳቅስ በመሆኑ ለሀብሩ ገበሬ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ ሆኖ የቀረው የሽቦው ጥቅም ሳይሆን አንድ የክረምት ማታ በድንገት የሚያደርሰው ጉዳት ነው።

ነፋስ ይነሣል፤ አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ሁለት ሽቦ ያገናኛል። ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል፤ እንደ ጠመንጃ ተኩስ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ጨለማ ይሆናል። በማግሥቱ ጠዋት ትራንስፎርመሩ ዘይት አንጠባጥቦ፣ ሆዱ ተነፍቶ ይገኛል። ወፍጮው ይቆማል፤ እናቶች እህላቸውን በአህያ ጭነው ወፍጮ ፍለጋ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ። ፓምፑ ሲቆም የሽንኩርቱና የቲማቲሙ ማሳ በሳምንት ውስጥ መጠውለግ ይጀምራል። መብራት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለወልድያና ለመርሳ ሕዝብ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አካባቢው በጦርነት ሥር በቆየባቸው ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባሉት ወራት ከነሙሉ ችግሩ አይቶታል።

በአካባቢው ሕዝብ አነጋገር ቀበሌው እስከ ዛሬ ድረስ ገበሬ ማኅበር ይባላል። ትራንስፎርመር በተቃጠለ ቁጥር በቅድሚያ የሚጠየቁትም የማኅበሩ መሪዎች ናቸው። የሚቀርብላቸው ጥያቄ ሁለት ነው፤ መብራቱ መቼ ይመጣል? ለምንስ ተቃጠለ? የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሁለተኛው ግን ማንም መሪ ሊያውቀውና ለአባላቱ ሊያስረዳው የሚችል ጉዳይ ነው።

ቦዩ ሲደረመስ

መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከወንዙ የተጠለፈው ውኃ በቦዩ ውስጥ በልክ ይወርዳል፤ በልክ የሚወርደው ቦዩ ጠባብ፣ የማሳው በርም የተመጠነ ስለሆነ ነው። አንድ ቀን የቦዩ ጠርዝ በላይኛው በኩል ቢደረመስ ውኃው መንገዱን ትቶ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይጎርፋል። በዚያ ሰዓት የሚፈሰውን ውኃ መጠን የሚወስነው የገበሬው ፍላጎት ሳይሆን የወንዙ ትልቅነትና የተደረመሰው ቦታ ለወንዙ ያለው ቅርበት ነው።

ኮረንቲም እንዲሁ ነው። በደህናው ቀን የወፍጮው ሞተርና አምፖሉ የሚያሳልፉት በልክ ነው። ሁለት ሽቦ ሲነካካ ወይም ሽቦ ከምድር ጋር ሲገናኝ፣ ሕዝቡ ሾርት ወይም ኮንታክት የሚለው ሲደርስ፣ ኮረንቲው የሚያግደው ነገር ያጣል፤ ምንጩ የቻለውን ያህል ይጎርፋል።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለምሳሌ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር የተባለ የገጠር ትራንስፎርመር ይወሰድ። ይህ ትራንስፎርመር በ400 ቮልት ወገኑ ሙሉ ሸክሙን ተሸክሞ የሚሰጠው 144 አምፔር ያህል ነው። የራሱ የውስጥ ተቃውሞ በመቶ 4 ቢሆን፣ ይህም ለእንዲህ ያለ ትራንስፎርመር የተለመደ ነው፣ እግሩ ሥር ሾርት ሲደርስ የሚጎርፈው ኮረንቲ 3,600 አምፔር ይደርሳል። የልኩ 25 እጥፍ ማለት ነው። ሙቀቱ ግን 25 እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ሙቀት የሚያድገው በኮረንቲው ብዜት ብዜት ስለሆነ 625 እጥፍ ይሆናል። ጥቅልሉን የሚገፋውና የሚያጣምመው ኃይልም በዚያው ልክ ያድጋል። የትራንስፎርመሩ ሆድ የሚነፋው፣ በውስጡ ያለው ወረቀት የሚከስለው፣ ዘይቱም የሚፈላው በዚህ ምክንያት ነው።

የፊውዙ ነገር

ይህን ጎርፍ ለመግታት ከሁሉ አስቀድሞ የተሠራው መሣሪያ ፊውዝ ነው። ፊውዝ ሆን ተብሎ እንዲሞት የተሠራ ቀጭን ሽቦ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ትልቁ ንብረት እንዲተርፍ ትንሹ ይቀልጣል። በላይኛው፣ በ15 ሺህ ቮልቱ ወገን፣ ያው ባለ 100 ትራንስፎርመር ሙሉ ሸክም ተሸክሞ የሚወስደው 3.8 አምፔር ያህል ብቻ ስለሆነ በዚያ በኩል የሚሰቀለው ፊውዝ እጅግ ቀጭን መሆን አለበት።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ባለሙያ መጠበቅ የሰለቸው ሰው በቦታው የመዳብ ሽቦ ያስርበታል። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ለመቅለጥ 80 አምፔር ያህል ይፈልጋል። ይህ ትራንስፎርመሩ ከሚችለው 20 እጥፍ በላይ ነው። ሾርቱ ከትራንስፎርመሩ ራቅ ብሎ፣ በቀጭኑ የመንደር ሽቦ ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ የሚመጣው ኮረንቲ መዳቡን ለማቅለጥ አይበቃም፤ ጥቅልሉን ቀስ በቀስ ለማቃጠል ግን ይበቃል። ስለዚህ መዳቡ ይድናል፣ ትራንስፎርመሩ ይሞታል። ሽቦውን ያሰረው ሰው መብራቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሷል ተብሎ ይመሰገን ይሆናል፤ የወፍጮውን ሦስት ወር የሸጠው ግን እሱ ነው። ባለ 15 ሺህ ቮልት መስመር ላይ እጁን የሰደደ ሰው በሕይወት ወርዶ ከሆነም ዕድለኛ ነው።

ወንዙ ሲሞላ

ከማከፋፈያ ጣቢያው በላይ ሲኬድ ነገሩ ይከብዳል። ሀገሪቱ ኃይል ባመነጨችና መስመሮችን እርስ በርስ ባገናኘች ቁጥር አንድ ቦታ ሾርት ሲደርስ ወደዚያ ለመጉረፍ የተዘጋጀው ምንጭ እየሰፋ ይሄዳል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነበር። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ የተዘረጋው 500 ኪሎ ቮልት መስመር ርዝመቱ 1,045 ኪሎ ሜትር ነው። በወሎም በኩል ከኮምቦልቻ ወደ አላማጣ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ተዘርግቷል። ይህ ሁሉ ዕድገት ነው፤ ዳሩ ግን ወንዝ ሲሞላ ቦይ የሚደረምሰው ጎርፍም አብሮ መሙላቱ አይቀርም።

ለአብነት ያህል አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ 25 ሜጋ ቮልት አምፔር የሆነና በ15 ኪሎ ቮልት የሚያከፋፍል አንድ ትራንስፎርመር አለው ይባል። የውስጥ ተቃውሞው በመቶ 10 ቢሆንና ከበስተኋላው ያለው ምንጭ እጅግ ሰፊ ቢሆን፣ በጣቢያው በር ላይ ሾርት ሲደርስ የሚጎርፈው 9,600 አምፔር ያህል ነው። የሕዝቡ ፍላጎት አድጎ ተመሳሳይ ሁለተኛ ትራንስፎርመር በጎን ሲታከል 19,200 ይሆናል። ሦስተኛ ሲጨመር ከ28 ሺህ አምፔር ያልፋል። በጣቢያው ያለው ብሬከር ግን ሲገዛ 25 ሺህ አምፔር እንዲቆርጥ ተብሎ የተሠራ ከሆነ በዚያ ቀን ቆራጭ መሆኑ ይቀርና ራሱ ፈንጂ ይሆናል።

ሌላም አስቸጋሪ ነገር አለ። በሀገራችን ያለው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዱ ዙር የሰከንድ ሃምሳኛ ነው። ከሾርቱ በኋላ የመጀመሪያውና ከሁሉ የከፋው ምት የሚደርሰው በግማሽ ዙር ውስጥ፣ ማለትም በሰከንድ መቶኛ ጊዜ ውስጥ ነው። የምቱ ከፍታ ከመደበኛው የሾርት ቁጥር እስከ 2.5 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ብሬከሩ ደግሞ ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ክንዱን አላቅቆ፣ ብልጭታውን አጥፍቶ እስኪጨርስ ከሦስት እስከ አምስት ዙር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ብሬከር ምንም ያህል ደህና ቢሆን የመጀመሪያውን ምት አይከላከልም፤ ጎርፉ ካለፈ በኋላ በሩን የሚዘጋ ዘበኛ ነው።

መሐንዲሶች ለዚህ ያገኟቸው አሮጌ መፍትሔዎች አሉ። ጣቢያውን ለሁለት መክፈል ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን አንዱ ወገን ሲጎድል ሌላው አይደርስለትም። ብሬከሮቹን ሁሉ በትላልቅ መለወጥም ይቻላል፤ ወጪው ግን ከባድ ነው። በመስመሩ ላይ ሪአክተር የሚባል ትልቅ ጥቅልል መትከል ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ይህም በጎርፉ ቀን ይጠቅምና በደህናው ቀን ሁሉ ቮልቴጁን ሲያደክም ይኖራል። ቦዩ እንዳይደረመስ ተብሎ ዓመቱን ሙሉ በድንጋይ እንደማጥበብ ያለ ነው፤ ታችኛው ማሳ ውኃ ያንሰዋል።

የሚፈለገው ሌላ ነበር። በደህናው ቀን የሌለ ያህል የሚሆን፣ ጎርፍ ሲመጣ ግን ማንም ሳያዘው በራሱ የሚዘጋ በር።

ባዘቃውና ፈሳሽ ናይትሮጅኑ

እንዲህ ያለውን በር የሚሰጠው ሱፐርኮንዳክተር የሚባለው ነገር ነው። ማንኛውም ሽቦ፣ መዳብም ቢሆን፣ ለሚያልፍበት ኮረንቲ ጥቂት ተቃውሞ አለው፤ ሽቦ የሚሞቀው በዚህ ነው። በ1911 እ.ኤ.አ. የሆላንዱ ሳይንቲስት ሄይኬ ካመርሊንግ ኦነስ በላይደን ከተማ ባዘቃን ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባቀዘቀዘው ጊዜ ተቃውሞው ጨርሶ መጥፋቱን አየ። ይሁንና ያን ያህል ብርድ የሚገኘው በፈሳሽ ሂሊየም ብቻ በመሆኑ ነገሩ ለብዙ ዘመን ከቤተ ሙከራ ሳይወጣ ቀረ።

ለውጡ የመጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ጆርጅ ቤድኖርዝና አሌክስ ሙለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በስዊዘርላንድ አንድ የሸክላ ዓይነት ቁስ ከዚያ በተሻለ ሙቀት ተቃውሞውን እንደሚያጣ አሳዩ፤ በዓመቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከይትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የተሠራ ሌላ ቁስ ተገኘ። ይህኛው ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ላይ ሱፐርኮንዳክተር ስለሚሆን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ይበቃዋል። ናይትሮጅን ከምንተነፍሰው አየር በመቶ 78 ያህሉ ነው፤ በዩሪያ ማዳበሪያ ውስጥ ያለውም እሱ ነው። ፈሳሹንስ የቀበሌ መሪዎች አይተውታል፤ ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅለው ባለሙያ የኮርማውን ዘር የሚያወጣበት፣ ክዳኑ ሲነሣ ነጭ ጉም የሚተነው ዕቃ የያዘው ይህንኑ ፈሳሽ ነው። የቦረና ወይም የሆልስታይን ኮርማን ዘር ለዓመታት የሚያኖር ብርድ ኮረንቲንም ያለ ተቃውሞ ያሳልፋል።

ሱፐርኮንዳክተር ግን ትዕግሥቱ ልክ አለው። የሚያልፍበት ኮረንቲ ከተወሰነ መጠን ሲበልጥ ጠባዩን በቅጽበት ይለውጥና እንደ ማንኛውም ቁስ ተቃዋሚ ይሆናል። ለሌላ ሥራ ሲሆን እንደ ጉድለት የሚቆጠረው ይህ ጠባይ ለጎርፍ መግቻ የሚፈለገው ነው። ከሾርቱ በኋላ በጥቂት የሰከንድ ሺኛ ጊዜ ውስጥ፣ የመጀመሪያው ምት ጫፉ ላይ ሳይደርስ፣ በሩ ይዘጋል። አዛዥም፣ ባትሪም፣ መካኒክም አያስፈልገውም።

የንድፉ ድካም

ነገሩ ሲወራ ቀላል ቢመስልም ዕቃውን መንደፍ ግን ብዙ ያደክማል። ዛሬ የሚሠራበት ሱፐርኮንዳክተር እንደ ጥብጣብ ነው። ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አሥረኛ ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ ሱፐርኮንዳክተሩ ራሱ የሚሊ ሜትር ሺኛ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው የሚሸከመው ብረትና የሚሸፍነው ብር ወይም መዳብ ነው።

ንድፍ አውጪው በመጀመሪያ ርዝመቱን ያሰላል። በሾርት ጊዜ ጥብጣቡ ለአጭር ጊዜ በአንድ ሜትር 50 ቮልት ይችላል ቢባል፣ የ15 ኪሎ ቮልት መስመር አንዱ ሽቦ ከምድር ጋር ያለው 8,660 ቮልት ስለሆነ 173 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ቀጥሎ ስፋቱን ያሰላል። ከላይ የተጠቀሰው ባለ 25 ሜጋ ትራንስፎርመር በደህናው ቀን 962 አምፔር ያሳልፋል፤ የሞገዱ ጫፍ 1,360 ይደርሳል። አንዱ ጥብጣብ 400 አምፔር የሚችል ከሆነ አራት ጥብጣብ ጎን ለጎን መሰለፍ አለበት። አራት ጊዜ 173 ለሦስቱም ሽቦ ሲባዛ ከ2 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋል። ይህን ሁሉ በአንድ ጋን ውስጥ መጠምጠም ያስፈልጋል። ሲጠመጠምም ሄዶ እንዲመለስ ተደርጎ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉት ጥብጣቦች ኮረንቲ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄድ የማግኔት ኃይላቸው እርስ በርሱ ይጣፋል፤ በደህናው ቀን መስመሩን አያስቸግርም።

ከባዱ ችግር ሌላ ነው። ጠፍር ሲጎተት የሚበጠሰው ከሁሉ በሳሳው ቦታ እንደሆነ በሬ የጠመደ ሁሉ ያውቃል። ጥብጣቡም ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ብርቱ አይደለም። ሾርቱ አነስተኛ ሲሆን የሚዘጋው ደካማው ሥፍራ ብቻ ይሆንና ሙቀቱ ሁሉ በአንድ ጣት ርዝመት ላይ ተሰብስቦ ጥብጣቡን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሙቀቱን ለጎረቤት የሚያካፍል ብረት ይለበጥበታል። ብረቱ ሲወፍር ግን ተቃውሞው ይቀንስና በሩ በደንብ አይዘጋም፤ ርዝመት መጨመር ግድ ይሆናል፤ ርዝመት ሲጨመር ዋጋ ይጨምራል። የንድፉ ሙግት በአብዛኛው በዚህ በቀጭንና በወፍራም መካከል ነው።

ከዚህም ሌላ የሞቀው ጥብጣብ ተመልሶ እስኪቀዘቅዝ ከጥቂት ሰከንድ እስከ ደቂቃዎች ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ሸክሙ ሊሰጠው አይገባም፤ በጎኑ ሌላ መንገድ ይበጅለታል። ማቀዝቀዣውም ኃይል ይበላል፤ በጋኑ ውስጥ የገባን አንድ ዋት ሙቀት ለማውጣት በውጭ ከ10 እስከ 20 ዋት ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሥራው በወረቀት አልቀረም። በ1996 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ሎንች በተባለ የውኃ ኃይል ጣቢያ የመጀመሪያዎቹ ከሆኑት አንዱ ተተክሎ ተሞከረ። በ2004 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች በኔትፈን ማከፋፈያ ጣቢያ 10 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ አዋሉት። በ2014 እ.ኤ.አ. በኤሰን ከተማ አንድ ኪሎ ሜትር የሱፐርኮንዳክተር ገመድ ከነመግቻው ከመሬት በታች ተቀበረ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሞስኮ ውስጥ በ220 ኪሎ ቮልት የሚሠራ ተተከለ።

ለሀብሩ ምን ይጠቅማል

ይህ መሣሪያ ለአንድ ቀበሌ ትራንስፎርመር የሚገዛ አይደለም፤ ማንም መሪ ይህን በማመልከቻ ቢጠይቅ ወረቀት ማበላሸት ነው። ቦታው ትራንስፎርመሮች ጎን ለጎን የተሰለፉበት ትልቅ ጣቢያ ነው። በመስመር ጫፍ ያለ መንደር ችግሩ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው። ረጅሙ ቀጭን ሽቦ ራሱ ጎርፉን ያደክመዋል። በደረቅ ድንጋያማ መሬት ላይ የተበጠሰ ሽቦ ሲወድቅ ወደ ምድር የሚገባው ኮረንቲ ፊውዝ ለማቅለጥ ላይበቃ ይችላል። ሽቦው ተጋድሞ፣ ሳይጮህ፣ ሳይበራ፣ ሕያው ሆኖ ይቆያል። ለዚህ ሱፐርኮንዳክተርም መድኃኒት የለውም። ሰውና ከብት የሚያልቀው ግን በዚህ ነው።

ከወደቀው ሽቦ ዙሪያ የምድሩ ቮልቴጅ በየእርምጃው ይለያያል። ሰው ሲራመድ በሁለት እግሩ መካከል ያለው ልዩነት በሰውነቱ ያልፋል። በሬ የፊትና የኋላ እግሩ የተራራቀ ስለሆነ ልዩነቱ ይበዛበታል፤ ኮረንቲውም በልቡ በኩል ያልፋል። እረኛው ተርፎ በሬው የሚሞተው በዚህ ነው። ስለዚህ ከወደቀ ሽቦ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ፣ ከብቱን በሩቁ ማዞር፣ ቅርብ የተገኘ ሰውም እግሩን ሳያነሣ ሁለቱን አጋጥሞ በትንሽ በትንሹ እየጎተተ መውጣት አለበት። በመስመሩ ራስ ያለው ብሬከር ከጠፋ በኋላ በጥቂት ሰከንድ ራሱን መልሶ የሚያበራ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል «ጠፍቷል» ብሎ ሽቦ መንካት አይገባም።

የቀረው የመሪዎቹ ሥራ ከክረምት በፊት የሚደረግ ነው። በመስመሩ ሥር የበቀለውን ባሕር ዛፍ በባለሙያ ማስቆረጥ፣ ምስጥ የበላውን የእንጨት ምሰሶ መርምሮ ማስታወቅ፣ የትራንስፎርመሩን የምድር ሽቦ ከሌባ መጠበቅ፣ ፊውዝ በመዳብ ሽቦ የሚያስረውን ሰው በስብሰባ ማስቆም። የምድር ሽቦው በተሰረቀበት ትራንስፎርመር ላይ መብረቅ ሲወድቅ መሄጃ ያጣል፤ በጥቅልሉና በቤቱ ሽቦ በኩል ይወጣል።

ብልሽት ሲደርስ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በስልክ ቁጥር 905 ወይም በአቅራቢያው ባለው ጽሕፈት ቤት ሲነገር «መብራት ጠፋ» ማለት ብቻ አይበቃም። በስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ ዝናብ ወይም ነፋስ እንደነበረ፣ ብልጭታው የታየው የት እንደሆነ፣ ከሦስቱ ፊውዝ ተገልብጦ የተንጠለጠለው የትኛው እንደሆነ፣ በዚያ ሰዓት ወፍጮው ይሠራ እንደነበር ተጽፎ ቢነገር ባለሙያው ከመርሳ ወይም ከወልድያ ሲነሣ የሚያስፈልገውን ዕቃ ይዞ ይነሣል።

በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና የሚማሩት ወጣቶች ይህን ስሌት በክፍል ይሠሩታል። ከእነሱ አንዱ የሀብሩ ገበሬ ልጅ ከሆነና ለእረፍት ወደ ቤቱ ሲመጣ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ካለ፣ ትራንስፎርመሩ ሥር ቆሞ የትኛው ሽቦ ምን እንደሆነ ለሕዝቡ እንዲያሳይ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠው ወጪ የለውም።